የአባቴ ደም ውስጥ የተገኘው ፈንገስ እና እኔ ያሳደድኩት መርፌ

ፈንገስ ሲባል እኔ የማውቀው ቋቁቻን ነበር። ልጆች ሆነን ራሳችን ላይ ይወጣ የነበረውን ጭርት። ክረምት ሲገባ የእግር ጣት መሃል የሚያሳክከውን ነገር። ቅባት ይቀቡታል፣ ይጠፋል፣ አለቀ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ መግቢያ ላይ አንድ ወጣት ሬዚደንት ሐኪም ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «የአባባ ደም ውስጥ ፈንገስ አድጓል» ሲለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቀለል አለኝ። ካንሰር አላለኝም፤ ፈንገስ ነው ያለኝ። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ ፊቱን ሳየው ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰዎች ስልኬን ከሰው ከሰው እያገኙ ደውለውልኛል። አራቱም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር መርፌ አለ አሉ፤ የት ይገኛል?» እኔም ያንን መርፌ ሳሳድድ ሦስት ቀን ሙሉ አባክኛለሁ። አምስተኛው ሰው ሳይደውል በፊት ልጻፈው ብዬ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የተመራቂ ተማሪ ጥናት ስጠርዝ ነው የምውለው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የመድኃኒት መጠንም ሆነ የቀን ቁጥር የአባቴ ነው። የእናንተን ሰው የሚያክመው ሐኪም ሌላ ቢላችሁ እሱን ስሙ።

አባዬ 64 ዓመቱ ነው። ስኳር ካለበት አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ማታ ሆዱ ከበሮ ሆነ። አንጀቱ ተጠማዞ ታጥፎ ኖሯል፤ ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ። የጠቆረው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፣ ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት ተለጠፈለት። ከዚያ አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ገባ። ስድስት ቀን። አንገቱ ላይ ትልቅ ቱቦ ገባለት፤ እነሱ «ሴንትራል ላይን» ይሉታል። ጫፉ ልብ አጠገብ ያለ ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ይደርሳል። ግሉኮሱም፣ አንቲባዮቲኩም፣ ኢንሱሊኑም በዚያው ነበር የሚሰጠው። የክንዱ ደም ሥር ከመጀመሪያውም አይገኝም ነበር።

ወደ ዋርድ ሲወጣ ተርፏል ብለን ነበር። እማዬ ለቅዱስ ገብርኤል ስለቷን ሁሉ አስባ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። 39.2። አልጋው እስኪነቃነቅ ያንቀጠቅጠዋል። አንቲባዮቲክ ተቀየረ፤ ትንሽ ጋብ ብሎ ተመልሶ መጣ። ሌላ ከበድ ያለ ተጀመረ፤ አሁንም ያው። በአስራ ሁለተኛው ቀን ለካልቸር፣ ማለትም ውስጡ ጀርም ካለ አሳድጎ ለማየት፣ ደም ተወሰደ። ከሁለት ቀን በኋላ ማክሰኞ ማታ ያ ሬዚደንት ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ አለ። የማስተርሱን ጥናት የጠረዝኩለት እኔ ነኝ። ኋላ ላይ እንዴት እንደለዩት ነገረኝ። ከደሙ ያደገውን እርሾ መሳይ ነገር ወስደው የሰው ሴረም (ሴሎቹ የወጡለት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ይጨምሩታል። ለሁለት ለሦስት ሰዓት ሙቀት ውስጥ ያቆዩትና በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ጭራ ካበቀለ ካንዲዳ አልቢካንስ ነው ማለት ነው፣ ባይሆን እንኳ የሱ የቅርብ ዘመድ ነው። የአባዬ ጭራ አብቅሏል። ይህ ለኛ ደግ ዜና ነበር። ምክንያቱም አልቢካንስ አብዛኛውን ጊዜ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ይሰማል። ክሩሴይ የሚባለው ዘመዱ ግን ከተፈጥሮው አይሰማም። «ፈንገስ ነው» ከተባላችሁ «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመድኃኒቱ ምርጫ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ፍሉኮናዞሉ በዚያው ሌሊት ተጀመረ። 200 ሚሊግራም የያዘች ጠርሙስ፣ ለመጀመሪያው ቀን አራት፣ ከዚያ በየቀኑ ሁለት። መመሪያዎቹ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ኤካይኖካንዲን የሚባል ሌላ የመድኃኒት ዘር ነው። እኛ ፈልገን አላገኘንም። አምፎቴሪሲን የሚባለው ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ኩላሊቱን እንዳይነካው ተፈራ። በፍሉኮናዞል ተጀመረና በዚያው ቀጠለ።

እንግዲህ ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሆላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። በዚያ ሌሊት ቴሌግራም ላይ ጻፍኩለት። ኢንተርኔት ሲበረብር አድሮ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ መልሱ መጣ። «እዚህ ናይሜኸን ላይ ተሞክሯል። ኢንተርፌሮን ጋማ ይባላል። ኢሚዩኒቲውን ቀስቅሶ ፈንገሱን ራሱ አካሉ እንዲበላው ያደርጋል። ፈልገው።» እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ረቡዕ በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ሄድኩ። 275 ኪሎ ሜትር ሙሉ በልቤ የምደጋግመው ያቺን ስም ነበር። ኢንተርፌሮን፣ ኢንተርፌሮን።

ያየኋቸውን ፋርማሲዎች ቁጥር ትቼዋለሁ። አብዛኞቹ ስሙን ሰምተውት አያውቁም። አንዱ ባለሙያ አዘነልኝና ወንበር ሰጠኝ። ሐሙስ ከሰዓት አንድ ደላላ ደወለ። «ኢንተርፌሮን አለኝ፣ ግን ዋጋው ከበድ ይላል» አለ። የሁለት ወር ገቢዬን ነው የጠራው። ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ከቦርሳው ውስጥ ካርቶን አወጣ። ከቦርሳ! ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት ተጽፏል። አዲስ አበባ ዝናብ አልጣለም፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

ብሩን ለመቁጠር እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። ከዚያ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ሬዚደንቱ ጋ ደወልኩ።

«ስሙን አንብብልኝ፣ ወንድሜ» አለኝ።

«ኢንተርፌሮን…»

«ቀጥል። ከሱ ቀጥሎ ያለውን።»

«አልፋ ይላል።»

ዝም አለ። «አልፋና ጋማ አንድ አይደሉም። የያዝከው ለጉበት ቫይረስ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው። ነጭ የደም ሴል ጭራሽ ሊቀንስ ይችላል። ለአባባ እንዳታመጣው።»

ደላላው እስከ ዛሬ ድረስ ውሸታም አይመስለኝም። እሱም አያውቅም። ኢንተርፌሮን ሲባል ኢንተርፌሮን አመጣ። አንድ ቃል ከስሙ ሥር ባላነብ ግን ገንዘቤን ከፍዬ አባቴን የሚጎዳ ነገር ይዤ እገባ ነበር።

አርብ ማታ ባዶ እጄን ሐዋሳ ገባሁ። በቀጥታ ወደ ዋርድ። አባዬ አሁንም ያተኩሳል። እማዬ እግሩን በእርጥብ ፎጣ ትጠርጋለች። ቱቦውም አንገቱ ላይ እንዳለ አለ።

ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ስፔሻሊስቷ ራውንድ ስትገባ ነው ያወቅኩት። ካርዱን ገለጠች። ማክሰኞ ማታ «ላይኑ ይነቀል» ተብሎ ተጽፏል። ረቡዕ «ሌላ ደም ሥር አልተገኘም፣ ነገ ይሞከር»። ሐሙስም «ነገ»። ዓርብ ምንም። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ለዚያ ሁሉ አልጋ የነበሩት ነርሶች ስንት እንደሆኑ አይቻለሁ። ግን ሐኪሟ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኦፕራሲዮን ክፍል የአንስቴዥያ ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። የአባዬን ክንድ በሙቅ ፎጣ ጠቅልሎ ትንሽ ጠበቀና ክርኑ አጠገብ ደም ሥር አገኘ። ቱቦው ተነቀለ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

እኔ አዲስ አበባ ላይ መርፌ ሳሳድድ ቱቦው አንገቱ ላይ ነበር። ጠያቂው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ አልነበርኩም። እማዬ ምን ብላ ትጠይቅ?

እሑድ ስፔሻሊስቷ ተረኛ ነበረች። ከሰዓት ሰው ቀለል ሲል ጠራችኝና አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ የላከውን መልእክት አሳየኋት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። (አንቺ ልበላት አንቱ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል፤ በዕድሜ ታናሼ ናት፣ እያወራኋት ግን አንቱ ነው የሚወጣኝ።) «ያነበበው እውነት ነው» አለችኝ። «የተረዳው ግን ግማሹን ነው።»

ከዚያ አስረዳችኝ። ካንዲዳ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ልጅ ነው። አፋችን ውስጥ፣ አንጀታችን ውስጥ፣ ቆዳችን ላይ ይኖራል። አብረውት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቦታ አይሰጡትም። አባዬ ላይ የሆነው ሁሉም በር በአንዴ መከፈቱ ነው። ከባዱ አንቲባዮቲክ ጎረቤቶቹን ገደለለት። አንጀቱ ተቆረጠ። ቆዳው በቱቦ ተበሳ። ስኳሩ ከፍ አለ። ካንዲዳው ወደ ደም ሲገባ ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል፣ ዝልግልግ ሽፋን ይሠራና ከውስጡ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ያንን ሽፋን አልፎ በደንብ አይገባም። በጠርሙስ የምናፈሰው መድኃኒት ደሙን ያጸዳል፣ ቱቦው መልሶ ይዘራል። «ቤት እየጠረግህ በሩን ለነፋስ ከፍተህ እንደመተው ነው» አለችኝ። የሐዋሳን አቧራ የሚያውቅ ይህ ይገባዋል።

ስለ ኢንተርፌሮን ጋማ ያለችኝን፣ ኋላም ራሴ ያነበብኩትን፣ አንድ ላይ ላስቀምጠው። ጋማው ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አንዱ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ይለቀዋል፤ ጀርም የሚውጡትን ሌሎቹን ሴሎች ይቀሰቅሳል። በመርፌ መልክም ተሠርቷል። በደንብ የሚታወቅበት በሽታ ከልጅነት ጀምሮ ነጭ ሴሎቻቸው የዋጡትን መግደል የማይችሉ ሰዎች ያለባቸው በዘር የሚመጣ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት 128 ሰዎች ተካተው፣ መርፌውን የወሰዱት ላይ ከባድ ኢንፌክሽን በእጅጉ ቀንሷል። ይህ የጠነከረ ማስረጃ ነው፣ ግን በሽታው የአባዬ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ያነበበው የናይሜኸን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው። ስንት ሰው ነበር? ስምንት። ካንዲዳ ወይም አስፐርጂለስ የሚባለው ፈንገስ ሰውነታቸው ውስጥ የገባባቸው ስምንት ሰዎች። ጋማውን የወሰዱት ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጋር ነው፣ በምትኩ አይደለም። ላብራቶሪ ላይ ሴሎቻቸው የተሻለ ሲነቁ ታይቷል። ከሞት አዳነ ለማለት ግን ስምንት ሰው አይበቃም። ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ ኤችአይቪ ያለባቸውና ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ አንጎላቸው ሽፋን ላይ የደረሰባቸው 90 ሰዎች ነበሩ። ጋማ የተጨመረላቸው ፈንገሱ ከጀርባ አጥንት ፈሳሻቸው ቶሎ ጠርቷል። በሞት ቁጥር ላይ ግን ልዩነት አልተረጋገጠም። ሁለቱም ተስፋ ይሰጣሉ። ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚያሯሩጡ ግን አይደሉም።

«ግን እኮ ኢሚዩኒቲው ደክሟል» አልኳት።

«ደክሟል፤ ልክ ነህ» አለች። ከባድ ኢንፌክሽን አልፎበት አይሲዩ የቆየ ሰው ነጭ ሴሉ በቁጥር ሞልቶ በሥራ ሊደነዝዝ ይችላል። አባዬ ነጭ ሴሉ 19 ሺህ ነበር፤ ከልክ በላይ። ዘበኞቹ ሞልተዋል፣ ግን ሲያድሩ ከርመው አንቀላፍተዋል። በዚህ ምክንያት ነው ቁጥር የሚጨምረው ሌላኛው መርፌ፣ ለካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱ የሚሰጠው ፊልግራስቲም፣ ለሱ የማይሆነው። ለነሱ ነጭ ሴሉ ራሱ ስላለቀ ነው የሚሰጣቸው። በምርምር ማዕከል ሴሎቹ ምን ያህል እንደደነዘዙ እየተለካ ጋማ ይሞከራል። ያለ ልኬት በጭፍን ከተሰጠ ግን መርፌው ራሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ያኔ የምናየው ትኩሳት የፈንገሱ ይሁን የመርፌው ማን ይለየዋል?

ከዚያ የስኳር መከታተያ ወረቀቱን አወጣች። ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አደረገች። ሐሙስ ማታ፣ 340።

«ይሄን ምን አደረጋችሁት?»

ያደረግነውን ታውቁታላችሁ። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ እትዬ ከቦንጋ የመጣ ንጹሕ ማር ይዛ መጥታለች። «ኢሚዩኒቲ ይገነባል» ብላ በየሁለት ሰዓቱ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ከነጭ ሽንኩርት ጋር፣ ከጥቁር አዝሙድ ጋር። ጎረቤት ደግሞ የሽፈራው ዱቄት አምጥቷል። በፍቅር ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስኳሩ ግን 340 ገባ። ሐኪሟ እንዳለችው ስኳር እንዲህ ሲወጣ ነጭ ሴሎቹ ይፈዛሉ፤ ጀርም ያለበት ድረስ መሄድም፣ ያገኙትን መዋጥም ይከብዳቸዋል። «መርፌውን አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ ፈለግህ። ኢሚዩኒቲው እዚህ ወረቀት ላይ ነው ያለው» አለችኝ።

እትዬን ማሩን መልሺ ማለት ከባድ ነበር። አኮረፈች። ሁለት ቀን አልጠየቀችንም። በኋላ እሷ ራሷ ከአሞራ ገደል አሳ እየገዛች ሾርባ ማምጣት ጀመረች፤ ይኼኛው ተፈቀደ። ሥጋው ተለቅሞ፣ ጨውና ቅመሙ ተቀንሶ፣ መጀመሪያ ውሃው ብቻ፣ ሆዱ ሲቀበል አሳው። እንቁላል። ያለ ስኳር የተሠራ አጥሚት። ሐኪሟ ደጋግማ የምትለው «ፕሮቲን» ነበር። ነጭ ሴልም፣ ቁስል የሚሽርበት ሥጋም ከዚያ ነው የሚሠራው። አባዬ አሳ አይወድም ነበር፤ ልጅ ሆነን «የውሃ ትል» ይለው ነበር። በሰባተኛው ቀን «ትንሽ ጨምሩበት» አለ።

ጸበሉን በተመለከተ የንስሐ አባታችን ራሳቸው «ሐኪሙ ውሃ ሲፈቅድለት» አሉ። በዚያ አለፈ።

ቱቦው ቅዳሜ ወጣ። ሰኞ ማታ ትኩሳቱ 37.4 ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አባዬ «ማነው ስልኬን የደበቀው?» ብሎ ሲነጫነጭ እማዬ አለቀሰች። መነጫነጭ ከጀመረ ደህና ነው።

አሁን ሰው ስለማይነግራችሁ ነገር ልንገራችሁ። የመድኃኒቱ ቀን አቆጣጠር። እኛ መድኃኒቱ ከተጀመረበት ማክሰኞ ጀምረን አስራ አራት ቀን ቆጥረን ነበር። እንደዚያ አይደለም። ካልቸር እየተደጋገመ ይወሰዳል። አርብ የተወሰደው አሁንም ፈንገስ አብቅሏል፤ ቱቦው ገና አልወጣማ። እሑድ የተወሰደው ምንም አላበቀለም። አስራ አራቱ ቀን የሚቆጠረው ደሙ ንጹሕ ከሆነበት ከዚያ እሑድ ነው፣ ሕመምተኛውም ምልክቱ የጠፋለት ከሆነ። በእኛ አቆጣጠር ብንሄድ አምስት ቀን ቀድመን እናቋርጥ ነበር። ትኩሳት ከጠፋ በኋላ ያለው ሳምንት በጣም አታላይ ነው። ሰውዬው ይበላል፣ ይስቃል፣ ጠርሙሱ ደግሞ ብር ነው።

ብሩን በተመለከተ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። መዋጥ ሲችልና ሲረጋጋ ወደ ክኒን ቀየሩት። እኔ «ክኒን? ለደም?» ብዬ ተጨነቅኩ። ፍሉኮናዞል ግን ከሆድ ወደ ደም ከሞላ ጎደል ሙሉውን፣ 90 ከመቶ ገደማ ይገባል። ሆዱ የሚሠራ ሰው ላይ ክኒኑ ከጠርሙሱ አያንስም። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀየርለታል፣ ጉበትም በየጊዜው ይመረመራል።

ዐይኑንም አይተውታል። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ዐይኑን አላመመውም። ካንዲዳ ከደም ወደ ዐይን ጀርባ ሄዶ ሊቀመጥ ይችላል፣ ሰውየው ሳያውቀው። የዐይን ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ አስፍቶ አየው። ንጹሕ ነው። ነጠብጣብ ቢያገኝ ኖሮ ሕክምናው ከአስራ አራት ቀን ወደ ሳምንታት ይረዝም ነበር። ይህን ምርመራ ካልታዘዘላችሁ አስታውሱ። የሚረሳ ነገር ነው።

ቤት ከገባን በኋላ በሦስተኛው ሌሊት የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ። ከሆስፒታል ስንወጣ ኢንሱሊኑ ቆመና ወደ ድሮ የስኳር ክኒኑ ተመለሰ፤ ግሊቤንክላማይድ። ፍሉኮናዞሉም አላለቀም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ይውጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት እማዬ ጮኸች። አባዬ በላብ ተጠምቋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እኔን በሟቹ አጎቴ ስም ይጠራኛል። ፈንገሱ ተመለሰ ብዬ ጉልበቴ ከዳኝ። የስኳር መለኪያው ቤት ነበር፤ 48። ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣነው፣ ሩብ ሰዓት ቆይተን ደግመን ለካነው፣ ባጃጅ ጠርተን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጥን። ለካ ፍሉኮናዞል ጉበት ግሊቤንክላማይዱን እንዳያስወግደው ይይዘዋል። ያው የለመደው ክኒን በደሙ ውስጥ ይበዛል፣ ስኳሩን ቁልቁል ይጥለዋል። ሲወጣ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም ከዚህ መድኃኒት ጋር ጥል አለው። ስለዚህ ሰዋችሁ ሲወጣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። አያሳፍርም፣ አትፍሩ። የድሮውንም፣ የሻይ ቅጠል መሳዩንም፣ የሽፈራውንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ትኩረት የሚሹ ብሎ 19 ፈንገሶችን ሲዘረዝር ካንዲዳ አልቢካንስን ከላይኛው ምድብ ነው ያስቀመጠው። ይህን ያነበብኩት አባዬ ከዳነ በኋላ ነው። ቀድሜ ባነበው ኖሮ ኮሪደር ላይ ቀለል አይለኝም ነበር።

የሚደውሉልኝ ሰዎች ስለ መርፌው ሲጠይቁኝ አሁን መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ቱቦ አለው? መቼ ነው የሚወጣው? ሽንት ቱቦስ ሳያስፈልገው አለ? አንቲባዮቲኩ እስከ መቼ ነው? ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ኢሚዩኒቲ የሚያደክም ስቴሮይድ ይወስዳል? ስኳሩ ስንት ነው? ምን በላ? አንዳንዱ ይናደድብኛል። «እኔ መድኃኒት ጠየቅኩህ፣ አንተ ስለ እንቁላል ታወራለህ» ያለኝ ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም ያኔ ብሆን እናደድ ነበር።

የአባዬን አንጀት መልሰው የገጠሙት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያን ሰሞን አልተኛሁም። ኦፕራሲዮን፣ አንቲባዮቲክ፣ ሌላ ቱቦ፤ ሁሉም በር እንደገና ሊከፈት ነው። ከመግባቱ በፊት ለሐኪሞቹ ያለፈውን ነገርኳቸው፤ የድሮውን የካልቸር ውጤት በራሴ ማሽን ኮፒ አድርጌ ፋይሉ ላይ አያያዝኩት። ይህ ጊዜ አንገቱን አልነኩትም፣ ክንዱ ላይ ካኑላ፣ ትንሿ የደም ሥር ቱቦ፣ ብቻ ነበር። እኔም አልሄድኩም፤ ሱቁን ዘግቼ አጠገቡ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሻይ ቤት ተመልሼ ስገባ ሲስተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማለች። «ሲስተር፣ ይቺ ካኑላ እስከ መቼ…» ስላት ጥጡን ክንዱ ላይ ተጭና ቀና አለች። ካኑላው ትሪው ላይ ነበር።